ሐኪም የማያየውን ሌሊት ሐኪም ፊት ማቅረብ

ስሊፕ አፕኒያ (በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሕመም) ያለበት ሰው ሐኪም ፊት የሚቀመጠው ነቅቶ ነው። ጣጣው የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ሐኪሙ ደረቱን ቢያዳምጥ ሳንባው ንጹሕ፣ ጉሮሮውን በባትሪ ቢያይ ክፍት፣ ጣቱ ላይ የሰካው መለኪያም ኦክስጅኑ ደህና ነው ባይ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያ ጉሮሮ ተደፍኖ ደረቱ አየር ፍለጋ ሲታገል፣ ሚስቱ ደንግጣ ትከሻውን ስትነቀንቅ የነበረው ሁሉ ጠዋት ምርመራ ክፍሉ ውስጥ የለም። ታማሚው ራሱ እንኳ አያስታውሰውም። ከዚያ ሁሉ ትግል የሚተርፈው «ይደክመኛል» የምትል አንዲት ቃል ናት፤ ሐኪሙ ደግሞ ይህችን ቃል ከጠዋት እስከ ማታ ሲሰማት ይውላል።

መልሱም ያው የተለመደው ነው። ደም ማነስ ይሆናል፤ ጭንቀት ነው፤ ሥራ በዝቶብሃል፤ ክብደት ቀንስ። የእንቅልፍ ኪኒን ታዞለት የሚመለስም አይጠፋም። ቤት ደግሞ «ዱካክ ነው» የሚል ዘመድ ይኖራል። ዱካክ ሰውየው ልቡ ነቅቶ ሰውነቱ አልታዘዝ ሲለው ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ተነሥቶ ያወራዋል። ስሊፕ አፕኒያ ግን ባለቤቱ ሳያውቀው ያልፋል። ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ ምላስና ለስላሳው ሥጋ ወደ ኋላ ወድቆ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል፤ ኦክስጅን ሲወርድ አንጎል ደንግጦ ለቅጽበት ይቀሰቅሰዋል፤ ተንፍሶ ተመልሶ ይተኛል። ሕመሙ በጠናበት ሰው ላይ ይህ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ይደጋገማል።

ሳይታወቅ መቅረቱ ምን ድረስ እንደሚሄድ ለማየት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2013 ኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ ውስጥ የተገለበጠውን የመንገደኞች ባቡር ማስታወስ ይበቃል። በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድበት ኩርባ በ132 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ገብቶ 4 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መርማሪዎች ነጂው ከባድ ስሊፕ አፕኒያ እንደነበረበት ያረጋገጡት ከአደጋው በኋላ ነው። ሰውየው ውፍረት ነበረበት፤ ያንኮራፋል፤ ድካምም ነበረበት። የግል ሐኪሙም ሆነ የመሥሪያ ቤቱ የጤና ምርመራ ግን ሕመሙን አላገኙትም።

በእንዲህ ያለ ጉዳይ ሐኪምን የሚያንቀሳቅሰው ካርድ ላይ ሊሰፍር የሚችል ማስረጃ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደረጃዎች ያንን ማስረጃ የማሰባሰቢያ መንገድ ናቸው። አዲስ አበባ ላለውም ዋሽንግተን ላለውም አንባቢ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ አገር የሚለያቸው ቦታ ላይ ተለይተው ተጽፈዋል።

1. ምስክር ያዘጋጁ

የመጀመሪያው ሥራ የታማሚው ሳይሆን አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነው። ታዋቂው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሻኪል ኦኒል እንኳ ለምርመራ የሄደው የፍቅር ጓደኛው ሌሊት ትንፋሹ ሲቆም ታዝባ ስለነበር ነው። ባለትዳር ያልሆነ ሰው እኅቱን፣ የክፍል ተጋሪውን፣ ወይም አንድ ሌሊት አብሮት የሚያድር ዘመዱን ይለምን።

ምስክሩ የሚጠብቀው ማንኮራፋቱን ሳይሆን ማንኮራፋቱ ድንገት የሚቆምበትን ጊዜ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ «ተመስገን፣ ዝም አለልን» የሚባለው ልክ በዚያ ቅጽበት ነው፤ ስህተቱም እሱ ነው። ዝም ሲል ደረቱን ይመልከቱ። ደረትና ሆድ እየተፈራረቁ ወደ ላይ ወደ ታች ይላሉ፤ ከአፍንጫ ግን ምንም አይወጣም። ያን ጊዜ ይቁጠሩ። 10 ሰከንድ ከሞላ በሕክምና «አፕኒያ» ተብሎ የሚቆጠረው ያ ነው። ከዚያ እንደ ሰጠመ ሰው ጉርር ብሎ ይተነፍሳል፤ ተገላብጦም ማንኮራፋቱን ይቀጥላል።

ሞባይል ካለ ቪዲዮ ይቅረጹ። ሰዓቱ ወሳኝ ነው፤ ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ወደ ንጋት ስለሚበዛና ጡንቻ ይበልጥ የሚላላው ያኔ ስለሆነ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። በጀርባው ሲተኛም ይብሳል። ጋቢውን ወይም ብርድ ልብሱን ከደረቱ ዝቅ ያድርጉ፤ ደብዛዛ መብራት ያብሩ፤ ስልኩን በአንድ ሜትር ርቀት፣ ፊቱና ደረቱ አብረው እንዲታዩ ያስቀምጡ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ውስጥ ዝምታውና ጉርርታው በደንብ የሚሰማባትን አንድ ደቂቃ ቆርጠው ያስቀምጡ፤ የስምንት ሰዓት ድምፅ ይዘው ቢሄዱ የሚያዳምጥዎ ሐኪም የለም።

ብቻውን የሚኖር ሰው የስልኩን ድምፅ መቅጃ ከፍቶ መተኛት ይችላል። ማንኮራፋትን የሚቀዱ የስልክ መተግበሪያዎችም አሉ፤ ሕመሙን አያረጋግጡም፤ ሐኪሙን ጥያቄ እንዲጠይቅ ለማድረግ ግን በቂ ናቸው። ቪዲዮውን የቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ለሳቅ መልቀቅ ግን ነውር ነው፤ ታማሚው አፍሮ ጉዳዩን እንዲደብቅ ያደርገዋል።

2. ሜትርና ወረቀት ያንሱ

ሐኪሞች የሚያውቋቸው ሁለት አጫጭር መጠይቆች አሉ። ሁለቱም ቤት ውስጥ ተሞልተው ሊወሰዱ ይችላሉ።

አንደኛው ስቶፕ ባንግ ይባላል። ስምንት ጥያቄዎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ «አዎ» አንድ ነጥብ። ጮክ ብሎ ማንኮራፋት፣ ቀን ቀን መድከም፣ ትንፋሽ ሲቆም ሰው ማየቱ፣ የደም ግፊት፣ ከ35 በላይ የሆነ የክብደትና የቁመት ንጽጽር (ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው ከ101 ኪሎ በላይ ማለት ነው)፣ ከ50 በላይ ዕድሜ፣ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ የአንገት ዙሪያ፣ ወንድ መሆን። 3 ወይም 4 ያገኘ መካከለኛ ሥጋት፣ 5ና ከዚያ በላይ ያገኘ ከፍተኛ ሥጋት አለበት። ለአንገቱ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ቀጥ ብለው ቆመው፣ በወንድ ከማንቁርቱ ሥር፣ ሳያጠብቁ ይለኩ። የሸሚዝ ኮሌታ ቁጥር መገመት ያሳስታል።

ሁለተኛው ኤፕዎርዝ የሚባለው የእንቅልፋምነት መለኪያ ነው። ስምንት ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፦ ቁጭ ብሎ ማንበብ፣ ቴሌቪዥን ማየት፣ ስብሰባ ወይም ስብከት ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ለአንድ ሰዓት በመኪና ተሳፍሮ መጓዝ፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም ማለት፣ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት፣ አልኮል የሌለበት ምሳ በልቶ መቀመጥ፣ መኪና ውስጥ ሆኖ ትራፊክ መብራት ላይ መቆም። በእያንዳንዱ ሸለብ የማድረግ ዕድልዎን ከ0 እስከ 3 ይሰጡታል። ድምሩ ከ24 ነው፤ ከ10 ካለፈ ሐኪም ሊያየው የሚገባ እንቅልፋምነት ነው። ባለቤትዎ ለብቻዋ ትሙላልዎት፤ ብዙ ጊዜ የሷ ቁጥር ከእርስዎ ይበልጣል፤ ሁለቱንም ይውሰዱ።

ከዚህ ጋር የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ። ስንት ሰዓት ተኙ፣ ስንት ሰዓት ተነሡ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት ወጡ፣ ጠዋት ራስዎን አመመዎት ወይ፣ ቀን የት ሸለብ አደረገዎት፣ ጠዋት ደም ግፊትዎ ስንት ነበር። መጠጥና ጫት ካለ ሳይደብቁ ይጻፉ፤ ሐኪሙ ቆይቶ ሲደርስበት የቀረውን ሁሉ ይጠራጠራል።

3. ቃላትዎን ይለውጡ

«እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት የኛ ሰው ወግ ነው። ምርመራ ክፍል ውስጥ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በተለይ በውጭ አገር ይህ መልስ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ «ታማሚው ደህና ነኝ ብሏል» ተብሎ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ሁሉ እንደ ማማረር ይቆጠራል።

«ይደክመኛል» በሚለው ፋንታ የሆነውን ነገር ይናገሩ። «ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ መሪ ይዤ ሸለብ አደረገኝ።» «ባለቤቴ ትንፋሼ ሲቆም 25 ድረስ ቆጥራለች።» «ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት እነሣለሁ፤ ስኳር ተመርምሬ የለብኝም።» የመጨረሻው ብዙ ሐኪሞችን ወደ ስኳርና ፕሮስቴት ብቻ ይወስዳቸዋል። ጉሮሮ ተዘግቶ ደረት አየር ለመሳብ ሲታገል ልብ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ልብ ደግሞ ኩላሊት ሽንት እንዲያበዛ የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል። ስለዚህ የሌሊት ሽንት ከማንኮራፋት ጋር አብሮ ሲመጣ አብሮ ይነገር።

የእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ከሚከተሉት ሁለት እንኳ ያለበት ሰው ስለ እንቅልፉ ተጠይቆ እንዲመረመር ያዛል፦ ማንኮራፋት፣ ሰው ያየው የትንፋሽ መቆም፣ የማያረካ እንቅልፍ፣ ሲነሡ ራስ ምታት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ እንቅልፋምነት ወይም ድካም፣ የሌሊት ሽንት፣ በእንቅልፍ ልብ መታነቅ፣ የሚቆራረጥ እንቅልፍ፣ የማስታወስ ችግር። ሁለት ብቻ! ይህን ዝርዝር ወረቀት ላይ ገልብጠው ያለብዎትን ምልክት ያድርጉበት።

ሴቶች እዚህ ላይ ይጎዳሉ። ሴት ልጅ ብዙ ጊዜ የምትናገረው እንቅልፍ ማጣትን፣ ራስ ምታትን፣ ድብርትን ነው፤ ማንኮራፋቷን ለመናገር ታፍራለች፤ ባል ቢሰማም «ሴት ምን ታንኮራፋለች» ብሎ ያልፈዋል። መጨረሻው የጭንቀት መድኃኒት ይሆናል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ሥጋቱ እንደሚጨምር፣ በእርግዝና ወቅት የሚጀምር ከባድ ማንኮራፋትም ለነፍሰ ጡር ክትትል ሐኪም መነገር እንዳለበት ልብ ይበሉ።

4. ቀጠሮው ለዚህ ብቻ ይሁን

ለጨጓራ፣ ለጉልበትና ለደም ግፊት በተያዘ ቀጠሮ መጨረሻ ላይ፣ የበሩን እጀታ ይዘው «ደግሞ አንኮራፋለሁ» ካሉ ነገሩ አበቃ። ለእንቅልፍ ብቻ ቀጠሮ ይያዙ። የሚይዙት አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ የሁለቱ መጠይቆች ቁጥር፣ ምስክሩ ያየው፣ ያለብዎት ምልክቶች፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች። ከሁሉ በላይ የሚጻፈው አረፍተ ነገር ጥያቄው ይሁን፦ «የስሊፕ አፕኒያ ምርመራ እንዲታዘዝልኝ ነው የመጣሁት።»

ከተቻለ ምስክሩ አብሮ ይግባ። ዝም ብላ ከጎን የምትቀመጥ ሚስት አትበቃም፤ የቆጠረችውን ራሷ ትናገር።

አሜሪካ ላሉ፦ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ሲይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብለው ያስመዝግቡ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን ማስተርጎም የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ ልጁ «አባቴ እየነዳ ይተኛል» የሚለውን ቃል አስተካክሎ ለመናገር ይፈራል። ከቀጠሮው በኋላ ሐኪሙ የጻፈውን በታካሚ መተግበሪያ ገብተው ያንብቡ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ይህ በሕግ የተፈቀደ ነው። የተሳሳተ ከተጻፈ እንዲታረም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የጽሑፍ መልእክት መዝገብ ላይ ይቀራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ መንገዱ በሪፈር ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ደም ግፊትና ስኳር ተለክቶ፣ የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ተሠርቶ ወደ ሆስፒታል መሄድ ጊዜ ይቆጥባል፤ «መጀመሪያ ደም ማነስ እንይ» የሚለው መልስ አስቀድሞ ተመልሷልና። ከዚያ የውስጥ ደዌ ወይም የሳንባ ስፔሻሊስት፤ አፍንጫው የተዘጋ ወይም ቶንሲሉ ያበጠ ሰው ደግሞ ከአንገት በላይ ሐኪም። በተለይ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ቀን የሚቅበዘበዝ ሕፃን በቀጥታ ከአንገት በላይ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ የልጆች ዋነኛ ምክንያት ቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው እጢ ነው።

5. «አይመስለኝም» ሲባሉ

የሚሰጡት ምክንያቶች ጥቂትና ተደጋጋሚ ስለሆኑ መልሳቸውን ይዞ መግባት ይቻላል።

«ቀጭን ነህ።» ውፍረት ዋናው መንስኤ ቢሆንም ብቸኛው አይደለም። ወደ ኋላ የሸሸ አገጭ፣ ጠባብ ጉሮሮ፣ ትልቅ ቶንሲል ቀጭኑንም ያንቀዋል።

«መጀመሪያ ክብደት ቀንስ።» ክብደት መቀነስ በእርግጥ ይረዳል፤ ነገር ግን ለወራት የሚዘልቅ ሥራ ነው። በየሌሊቱ የሚታፈን፣ ቀን የሚያንቀላፋ ሰው ስፖርት ለመሥራት አቅሙ ከየት ይመጣል? ትሕትና ባለው አንደበት «ክብደቱን እቀንሳለሁ፤ ምርመራው ግን ጎን ለጎን ይሂድልኝ» ይበሉ።

«ሌሊት ስለምትሠራ ነው።» ይህ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲና ኡበር ለሚነዱ፣ ፓርኪንግ ለሚሠሩ፣ አዲስ አበባ ለጥበቃና ለሆቴል ሠራተኞች የተዘጋጀ መልስ ነው። የሁለት ሳምንት ማስታወሻው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በዕረፍት ቀናት ስምንት ሰዓት ተኝተውም የደከሙ ከሆነ ማስታወሻው ይናገራል።

«ደም ግፊትህ ነው።» ሊሆን ይችላል። ግን ሦስት ዓይነት መድኃኒት በትክክል እየወሰዱ ያልወረደ ግፊት ራሱ ስሊፕ አፕኒያን ለመፈለግ ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ ነው። ምት የሚዛባበት ልብም እንደዚሁ።

«ኦክስጅንህ ደህና ነው።» ይህ መልስ ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛው ግልጽ ነው፤ የተለካው ነቅተው ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት፣ ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ በጥቁር ታካሚዎች ላይ የኦክስጅን ማነስን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በጥቁር ቆዳ ላይ ቁጥሩን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማሳየት ዝንባሌ አለው። ስለዚህ የቁጥሩ መውጣትና መውረድ ከአንድ ቁጥር ይበልጥ ይናገራል። ሌሊቱን ሙሉ መዝግቦ የሚያስቀምጥ መለኪያ ከተገኘ፣ በየደቂቃው እንደ መጋዝ ጥርስ የሚወጣና የሚወርድ መስመር ለሐኪሙ ጥሩ ማስረጃ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነቅተው ሲለኩም ቁጥሩ ከባሕር ዳርቻ አገሮች ትንሽ ዝቅ ሊል እንደሚችል አይዘንጉ።

ሁሉም ነገር ተነግሮ እምቢ ከተባለ አንድ ጨዋ ጥያቄ ይቀራል፦ «ምርመራው የማያስፈልገኝ ለምን እንደሆነ ካርዴ ላይ ይጻፉልኝ።» በቁጣ ከተባለ ጠብ ይሆናል፤ ረጋ ተብሎ ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ እንደገና ያስባል። ካልሆነ ሌላ ሐኪም ይሂዱ። ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ክህደት አይደለም።

6. ምርመራው ሲደርስ

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ቤት የሚወሰድ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ከአፍንጫ የሚወጣውን አየር፣ የደረትን እንቅስቃሴና ኦክስጅንን ይመዘግባል። ሌላው የእንቅልፍ ላቦራቶሪ ማደር ሲሆን፣ የአንጎልን፣ የዓይንን፣ የልብንና የእግርን ሁኔታ ጨምሮ ይመዘግባል። የልብ ድካም፣ ከባድ የሳንባ ሕመም፣ የነርቭና የጡንቻ ሕመም ላለበት፣ ወይም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ለሚወስድ ሰው ላቦራቶሪው ይመረጣል።

የዝግጅት ስህተቶች ቀላል ናቸው፤ ሌሊቱን ግን ያበላሻሉ። ላቦራቶሪ ለምታድር ሴት ሹሩባና ሰው ሠራሽ ፀጉር ችግር ነው፤ ሽቦዎቹ የራስ ቆዳ ላይ ስለሚለጠፉ ከቀጠሮው በፊት ደውላ ትጠይቅ። ፀጉር ላይ ቅቤም ቅባትም አይኑር። የጥፍር ቀለምና ሂና የጣቱን መለኪያ ስለሚያሳስቱ ቢያንስ አንድ ጣት ነጻ ይሁን። ቡና ከምሳ በኋላ ይቅር። ከሐኪም ካልታዘዘ በቀር የእንቅልፍ ኪኒን አይውሰዱ። በቤት ምርመራ ሽቦው ተነቅሎ ካደረ ወይም ጥሩ መረጃ ያለበት ጊዜ ከ4 ሰዓት ካነሰ ውጤቱ አይታመንም፤ እንዲደገም ይጠይቁ።

7. ውጤቱን ራስዎ ያንብቡ

ቁጥሩ «ኤኤችአይ» ይባላል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንፋሽ ስንት ጊዜ እንደቆመ ወይም እንደቀነሰ ይናገራል። ከ5 በታች ጤናማ፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ነው።

«ኔጋቲቭ ነው» ከተባሉ ግን ወዲያው አይመለሱ። የቤቱ መሣሪያ መተኛትዎን አያውቅም፤ የተቆጠሩትን ክስተቶች መሣሪያው በተከፈተበት ሰዓት ያካፍላል። ለምሳሌ 90 ክስተቶች ተመዝግበው መሣሪያው 7 ሰዓት ቢቆይ ውጤቱ 13 ገደማ፣ ማለትም «ቀላል» ይሆናል። ሰውየው ግን የተኛው 5 ሰዓት ብቻ ከሆነ 90 ለ5 ሲካፈል 18 ነው፤ ይህ መካከለኛ ነው። ያው ሰው፣ ያው ሌሊት። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ የቤት ምርመራ ኔጋቲቭ ከሆነ ወይም ግልጽ ካልሆነ ወደ ላቦራቶሪ ምርመራ መሻገር እንደሚገባ ጽፏል። ይህን ጠቅሰው ይጠይቁ።

ሌላም ልዩነት አለ። የትንፋሽ መቀነስ የሚቆጠረው ኦክስጅን በ3 በመቶ ሲወርድ ነው ወይስ በ4 በመቶ? የአሜሪካው የመንግሥት የጤና መድን ሜዲኬር 4 በመቶን ይጠቀማል፤ በዚህ መለኪያ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ሪፖርቱ ላይ የትኛው እንደተሠራበት፣ በጀርባ ሲተኙ ቁጥሩ ስንት እንደነበረ፣ ኦክስጅን የወረደበት ዝቅተኛ ነጥብ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ሙሉውን ሪፖርት ይውሰዱ፤ አንድ መስመር ማጠቃለያ አይበቃም።

8. እስከዚያው ድረስ

ቀጠሮ በመጠበቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ መሪ ላይ ሸለብ የሚያደርገው ሰው መንዳት ያቁም፤ መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጨመር እንቅልፍን አያስቆምም። መጠጥ የጉሮሮን ጡንቻ ያላላልና ማታ ይቅር። በጎን መተኛት ለብዙዎች ይረዳል፤ በመኝታ ልብስ ጀርባ ላይ የተሰፋ የቴኒስ ኳስ የቆየ ዘዴ ነው፤ ይሠራል። ቀዶ ሕክምና ካለብዎት ደግሞ ሰመመን ሰጪውን «ስሊፕ አፕኒያ ይጠረጠርብኛል» ይበሉት፤ ስቶፕ ባንግ መጀመሪያ የተሠራው ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቁ ሰዎች ነበር።

9. መሣሪያው ሲታዘዝ

ሲፓፕ በማስክ በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ማፈር አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ጋዜጠኞች ፕሬዚዳንት ባይደን ፊት ላይ የማሰሪያ ምልክት አይተው ሲጠይቁ ዋይት ሐውስ ሲፓፕ እንደሚጠቀሙ አረጋግጧል።

አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር ወጪውን የሚሸፍነው ቁጥሩ 15ና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም ከ5 እስከ 14 ሆኖ ምልክት ወይም እንደ ደም ግፊት ያለ ተጓዳኝ ሕመም ላለበት ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ፣ በተከታታይ 30 ሌሊቶች ቢያንስ በ21ዱ በየሌሊቱ 4 ሰዓት መጠቀም አለበት፤ መሣሪያው ራሱ ይመዘግባል። ማስኩ ካልተመቸ ዝም ብለው አልጋ ሥር አይጣሉት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ደውለው ያስለውጡ። ኢንሹራንስ ከከለከለ፣ አብዛኛው የአሜሪካ የግል ኢንሹራንስ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን ይሰጣል። ደብዳቤውን ሳይጥሉ ቀኑን ይቁጠሩ።

ኢትዮጵያ ላለ ዘመድ ያገለገለ ሲፓፕ በሻንጣ መላክ የተለመደ ደግነት ነው። መሣሪያው ግን ያለ ምርመራ የሚሰጥ ስጦታ አይደለም፤ ግፊቱ ለሰውየው መስተካከል አለበት። ከመላክዎ በፊት እ.ኤ.አ. ከጁን 2021 ጀምሮ አምራቹ ፊሊፕስ በውስጣቸው ባለው ስፖንጅ ምክንያት መልሶ ከጠራቸው ሞዴሎች አለመሆኑን በሴሪያል ቁጥሩ ያረጋግጡ። የኃይል ማስገቢያው ላይ 100–240 ቮልት መባሉን ይመልከቱ። አሮጌዎቹ መሣሪያዎች ከፍታን በራሳቸው ስለማያስተካክሉ አዲስ አበባ ላይ ከተሞላላቸው ያነሰ ግፊት ሊሰጡ ይችላሉ። አዲስ ማስክና ቱቦ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባትሪ ከተገኘ ይጨመርበት። ራስዎ ይዘው ለሚበሩ፣ ወደ አሜሪካና ከአሜሪካ በሚደረግ በረራ ሲፓፕ የሕክምና ዕቃ ስለሆነ ከእጅ ሻንጣ ቁጥር አይታሰብም፤ በሻንጣ ቤት አይጫን።

ሲፓፕ አልቻልኩም ለሚል ሰው ሌላም መንገድ አለ። ለቀላልና ለመካከለኛው አገጭን ወደ ፊት የሚይዝ፣ በጥርስ ሐኪም የሚሠራ የአፍ ውስጥ መሣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ደግሞ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቲርዜፓታይድ የተባለውን መርፌ ውፍረት ላለባቸው፣ መካከለኛና ከባድ ስሊፕ አፕኒያ ላላቸው አዋቂዎች ፈቅዷል።

ከሦስት ወር በኋላ ወደዚያው ሐኪም ሲመለሱ የመሣሪያውን መዝገብ ይዘው ይግቡ። ሚስትዎንም ይውሰዷት፤ ሌሊቱ አሁን እንዴት እንደሆነ ከእርስዎ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት።